የቱሪዝም እርዳታ ብናገኝ መጀመሪያ ምን ላይ እናውለው? (ከጅማ)

የጅሬኗ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

የምኖረው ጅማ፣ ጅሬን አካባቢ ነው። አስጎብኚ ነኝ። እንግዳ ይዤ ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አሳያለሁ። ስንመለስ እናቴ ግቢ ቡና እናፈላለን። ከሰፈር ልጆች ጋር 14 አባላት ያሉት ማኅበር አለን። ሰሞኑን አንድ ረጂ ድርጅት በዘላቂ ቱሪዝም ላይ መሥራት የምትፈልጉትን ጽፋችሁ አምጡ ብሎናል። የሰጠን ጊዜ ሦስት ሳምንት ነው።

ነገሩ ለሁለት ከፈለን። ዘጠኙ ሎጅ እንሥራ ይላሉ፤ እንግዳ የሚያድርባቸው አራት ጎጆዎች። አምስታችን ግን ልባችን አልተቀበለውም።

ለምን መሰላችሁ? ባለፈው ክረምት አንዲት እንግዳ መጣች፣ የእናቴ እኩያ። ዝናብ ነበር። ቡና ቀላ፣ በቅቤ የበሰለ የቡና ፍሬ፣ አቀረብንላት፣ በጣም ወደደችው። የተቀመጠችበትን ባለ ሦስት እግር በርጩማ በእጇ እየዳበሰች ማን እንደሠራው ጠየቀችኝ። ልትገዛ እንደሆነ ገባኝ። እናቴ ጀበናውን ጣደች። አቦሉ ተቀዳ። ከዚያ እንግዳዋ ቀስ ብላ ሽንት ቤት ጠየቀችኝ። የእኛ ጓሮ ነው፣ በጭቃ ነው የሚታለፈው። በር የለውም፣ ማዳበሪያ ጆንያ ነው የተጋረደበት። ጃንጥላ ይዤ ወሰድኳት፣ ጆንያውን ከውጭ ይዤ ጠበቅኳት። ስትወጣ ምንም አላለችም። ቶናው ሳይቀዳ ግን ሾፌሯን ጠርታ ሄደች። ስለ በርጩማውም ሁለተኛ አላነሳችም።

ሌላው ደግሞ ስለ ሴንት ሄለና ያነበብኩት ነው። ወደዚያ የወሰደኝ ቡና ነው። ደቡብ አትላንቲክ መሃል ያለች የእንግሊዝ ግዛት ናት። ስፋቷ 122 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧ 4,500 ያህል። ናፖሊዮን በግዞት የሞተባት ደሴት ናት። በ1733 ከየመን ሞካ የመጣ የቡና ዘር ተተክሎባት እስከ ዛሬ ይለቀማል። የየመኑ ዘር ከየት እንደተሻገረ ለጅማ ሰው አይነገርም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ይቺ ደሴት የምትኖረው በእንግሊዝ ድጎማ ነው። ያኔ ከኬፕታውን በመርከብ አምስት ቀን ያህል ይፈጅ ነበር። ቱሪስት በብዛት ከመጣ ራሷን ትችላለች ተባለና በ285 ሚሊዮን ፓውንድ ኤርፖርት ተሠራላት። ለማረፊያው ሲሉ አንድ ሸለቆ ሞሉ። በ2016 ሊከፈት ሲል ነፋሱ አስቸገረ። ልክ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል አቅጣጫውም ኃይሉም ድንገት ይለዋወጣል። ትልቁ አውሮፕላን ቀረ። በጥቅምት 2017 አነስ ያለው ከጆሃንስበርግ መብረር ጀመረ፤ እሱም በሳምንት አንዴ።

ይሄን ሳነብ አራቱ ጎጆዎች ታዩኝ። ተሠርተው፣ ተቆልፈው፣ ሣር በቅሎባቸው። ፈራሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታስቀድሙ ነበር?

የጌራ ልጅ፦

እህቴ አብሽሪ። እኔ ያደግኩት በለጠ ጌራ ጫካ ጥግ ነው። በጃፓኖቹ በጃይካ ድጋፍ የመጣውን የደን ፕሮጀክት በልጅነቴ አይቻለሁ። ትዝ የሚለኝ ሕንፃ አይደለም። ገበሬው በማኅበር ተደራጀ፤ ደኑን እየጠበቀ ሊጠቀምበት ከመንግሥት ጋር ተፈራረመ። የጫካ ቡናውም ሰርተፊኬት አግኝቶ በተሻለ ዋጋ ተሸጠ። አባቴ ቀይ ቀዩን ብቻ መልቀምና ከመሬት ከፍ ባለ የማስጫ አልጋ ላይ ማድረቅ የጀመረው ያኔ ነው። ፕሮጀክቱ ካለቀ ቆየ። አባቴ ግን ዛሬም ቡናውን መሬት ላይ አያሰጣም።

ስለዚህ ሥልጠና አስቀድሙ። ግን "ሥልጠና" ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ማን ነው የሚሠለጥነው? ምን? ስንት ቀን? ካልጻፋችሁት የሁለት ቀን የአዳራሽ ስብሰባ ሆኖ ይቀራል። እንደዚያ ዓይነቱ ላይ ተቀምጬ አበል ተቀብዬ ወጥቻለሁ። አንድም የያዝኩት ነገር የለም።

የሂርማታ ነጋዴ፦

ልጄ፣ እኔ ከዘጠኙ ጋር ነኝ። እንግዳ ካላደረ ብሩም አያድርም። ቀን መጥቶ ቀን የሚመለስ ሰው የቡና ከፍሎ ይሄዳል። ያደረ ሰው እራት ይበላል፣ ማር ይገዛል፣ ባጃጅ ይሳፈራል። ጠዋት ተነስቶ ገበያ ይዞራል። እኔም ሱቅ ውስጥ የማውቀው ይሄንኑ ነው።

ስለ ኤርፖርቱ ግን አንድ ነገር ልበል። ብሩን ነፋስ ወሰደው አትበሉ። ድሮ እዚያች ደሴት ሰው በጠና ሲታመም መርከብ ይጠበቅ ነበር። አሁን በአውሮፕላን ደቡብ አፍሪካ ይደርሳል። ለቱሪስት ተብሎ የተሠራ ነገር ነዋሪውን ካዳነ ኪሳራ አልለውም።

አራት ጎጆ ይበዛል፣ እሱን እቀበላለሁ። እናትሽ ቤት አንድ ክፍል አሰናዱ። ሲሞላና ሰው ሲመለስ ሁለተኛውን ትጨምራላችሁ።

ከቆጪ፦

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ሴንት ሄለና ላይ ከኤርፖርቱ በኋላ የባሕር ሥር የኢንተርኔት ኬብልም ተዘርግቷል፣ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ። በ2021 ደረሰ፣ በ2023 ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት የነበረው ሳተላይት ቀርፋፋም ውድም ነበር። እንግዳው ለሳምንት ይጠቀምበታል፣ ነዋሪው ግን ሁልጊዜ።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። እርዳታው ሲያልቅ የሚሰበረውን ማን ይጠግናል? ቦኔር የምትባል የካሪቢያን ደሴት አለች፣ ኔዘርላንድ ሥር ያለች። ኮራሏን (ባሕር ሥር እንደ ድንጋይ የሚያድገውን ሕይወት ያለው ነገር) ለመጠበቅ በ1979 ባሕሯን ፓርክ አደረገች። መነሻው የእርዳታ ብር ነበር። ብሩ ሲያልቅ ጥበቃውም ላላ። በ1992 ኮራሉን ለማየት ከሚጠልቁት እንግዶች ክፍያ መሰብሰብ ተጀመረ፤ ክፍያው ለፓርኩ ሆነ። ፓርኩ እስከ ዛሬ አለ። እናንተም ከእያንዳንዱ እንግዳ ትንሽ ትንሽ ለጥገና አስቀምጡ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ። ዕቅዱ ላይም ጻፉት፤ ረጂዎቹ ራሳቸው የሚጠይቁት እሱን ነው።

የጅሬኗ፦

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን መልስ ለእናቴ አነበብኩላት። የወንድሜ ክፍል ባዶ ነው፣ እሱን አጸዳለሁ አለች። ዘጠኙም በአንድ ክፍል መጀመሩን ሲሰሙ ለዘብ አሉ።

ከጌራ ልጅ የወሰድኩትን ደግሞ በዝርዝር ጻፍኩት፦ ስድስት ሴቶች፣ የምግብ ንጽሕናና የእንግዳ አቀባበል፣ አሥር ቀን፣ እዚሁ ሰፈር። አዳራሽ የለም፣ ምድጃ ዳር ነው። ከአንድ እንግዳ 50 ብር ለጥገና የሚለውን ገና አልተስማማንበትም። አንዳንዶቹ ይበዛል ይላሉ፣ እኔ ያንሳል እላለሁ። ነገ ስንሰበሰብ የቦኔርን ነገር እነግራቸዋለሁ።

ዕቅዱ ላይ በመጀመሪያው መስመር ያስገባሁት ግን ሽንት ቤት ነው። ሁለት ክፍል፣ ውኃ ያለው፣ ከበራፋችን እስከዚያ ድረስ ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ። ለእናቴም ነው። ስንት ክረምት በዚያ ጭቃ ተመላልሳለች። በሩን የሚሠራልን ያንን በርጩማ የሠራው አናጢ ነው። ዛሬ ከሰዓት መጥቶ ለካ፤ ዋጋውን ማታ ይነግረኛል።