ባለዕጣው የለም፣ ወኪሉ ግን አለ፤ ቦሌ አራብሳ ቤት ልገዛ ነው፣ ማንን ልመን?

ከስደት መልስ፦

ሰላም ወገኖቼ። ዱባይ 11 ዓመት ሠርቼ የተመለስኩት መስከረም ላይ ነው። ብር ያጠራቀምኩት እናቴን ከኪራይ ቤት ላወጣት ብዬ ነው። ከዚህ በፊት ቤት ገዝቼ አላውቅም። ከቤተሰባችንም የገዛ ሰው የለም።

አሁን ቦሌ አራብሳ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም አግኝቻለሁ። ደላላው በቴሌግራም የላከልኝ ፎቶ ላይ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ጣሪያው ጂፕሰም። ቅዳሜ ሄጄ ሳየው ወለሉ ሊሾ ነው። «ፎቶው የጎረቤቱ ነው፣ አሠራሩ አንድ ነው» አለኝ። ተከራይዋ በሩን የከፈተችልን ቡና እየቆላች ነበር። ደላላው ስልክ ሊያነሳ በረንዳ ሲወጣ ጠጋ ብላ «በዚህ ሳምንት አንቺ ሦስተኛዋ ነሽ» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ሳልጠይቃት ተመለሰ።

ሻጭ ተብሎ የቀረበው ሰውዬ ባለዕጣው አይደለም፣ ወኪል ነው። ዕጣው በ2015 የወጣ ስለሆነ ስም አሁን አይዞርም አሉኝ። «ውክልና እንሰጥሻለን፣ የከፈልሽውን ብር እንደተበደርነው አድርገን የብድር ውል እንጽፋለን፣ 5 ዓመቱ ሲሞላ ስሙን ታዞሪያለሽ፤ ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚገዛው» ይላሉ። የሰጡኝ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ነው። የማኅተሙ ግማሽ በወረቀቱ ጠርዝ ተቆርጧል። እስከ ዓርብ 300,000 ብር ቀብድ ካላመጣሁ ሌላ ሰው ይወስደዋል ተብያለሁ።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የየራሱን ይነግረኛል። አጎቴ «ውክልና ካለ ምን ያስፈራሻል» ይላል። ቲክቶክ ላይ ቤት የሚያሻሽጥ አንድ ልጅ «ውልና ማረጋገጫ ከተገባ አለቀ» ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ ጭራሽ ኮንዶሚኒየም አትንኪ ትላለች። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። እውነተኛውን መረጃ የማገኘው ከየት ነው?

ጥብቅና ላይ ያለሁ፦

እህቴ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ። የዓርቡን ቀብድ አትክፈዪ። በሕጉ ገዥ ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ሻጭ ከቀየረ እጥፉን ይመልሳል። ግን እጥፉን የሚመልስልሽ ሰው ማን ነው? እስካሁን ባለዕጣውን በዓይንሽ አላየሽም።

በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም 5 ዓመት ሳይሞላው ለሌላ ሰው አይተላለፍም። 14ኛው ዙር የኮንዶሚኒየም ዕጣ መጀመሪያ ሐምሌ 2014 ወጣ፤ መረጃው ተነካክቶ ስለተገኘ ተሰረዘና ኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። ቤትሽ የዚያ ዙር ከሆነ ጊዜው ገና ነው። እነሱም ይህን ስለሚያውቁ ነው ውክልና የሚሉሽ።

ውክልና ሽያጭ አይደለም። ወካዩ ሲፈልግ ይሽረዋል። ሰው ነውና ቢሞት ደግሞ ውክልናው አብሮት ይቀራል፤ ከዚያ ወራሾች ይመጡብሻል። የብድር ውሉ ቢበዛ ብርሽን ለመጠየቅ ይረዳሽ ይሆናል፣ ቤቱን ግን አይሰጥሽም።

የቲክቶኩ ልጅ የተናገረው ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው የሚያሳስበኝ። እርግጥ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማረጋገጫ ካልተመዘገበ አይጸናም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ይህንኑ ነው የሚለው። ያልተመዘገበ የመንደር ውል ይዘው እኔ ቢሮ መጥተው ያለቀሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ግን ውክልናም እዚያው ነው የሚረጋገጠው። በውክልናሽ ላይ ማኅተም አለ ማለት ቤት ገዝተሻል ማለት አይደለም።

ሌላም አለ። ባለዕጣው ባለትዳር ከሆነ ያለ ሚስቱ ወይም ያለ ባሏ ስምምነት ቤት አይሸጥም። ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ።

የጀሞ አባወራ፦

ልጄ፣ አንቺ አሁን ያለሽበት ቦታ ላይ እኔም ነበርኩ። በ2002 በውክልና ኮንዶሚኒየም ገዛሁ። ባለዕጣው ደግ ሰው ነበር፤ በዓል ሲመጣ እንደዋወል ነበር። በ2004 አረፈ። ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ልጆቹ «ቤቱ የአባታችን ነው» አሉ። 4 ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሼ የተመለሰልኝ በብድር ውሉ ላይ የተጻፈችው ብር ብቻ ናት። በዚያ ብር በዚያን ጊዜ ግማሽ ቤትም አይገዛም ነበር። ባለቤቴ ያን ሰሞን ወርቋን ሸጠች።

ያኔ ያልጠየቅኩት ሰው አልነበረም። ያልጠየቅኩት ማኅደሩን ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ስገዛ 5 ዓመት ያለፈውን ብቻ ፈለግሁ። ዋጋ ከመከራከሬ በፊት ለሻጩ የምለው አንድ ነገር ነበር፦ «ነገ ጠዋት አብረን ክፍለ ከተማ እንሂድና ፋይሉን እንይ።» የመጀመሪያው ሻጭ አሞኛል አለ። ሁለተኛው ስልኩን ዘጋ። ሦስተኛዋ 2፡30 ላይ ከእኔ ቀድማ ደርሳ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ ዋናውን ካርታ በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። በመስኮቱ ቆመን ፋይሉ ሲወጣ ፎቶውም የእሷ፣ የቤት ቁጥሩም ያው። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት በጽሑፍ አወጣች። የባንኩን ዕዳ ስለጨረሰች ከባንክም ክሊራንስ አመጣች። ዛሬ የምኖረው እዚያ ቤት ነው።

የብሎክ ኮሚቴ ነበርኩ፦

ውዴ፣ ወደዚያች ተከራይ ተመለሺ። ደላላውን ሳትይዢ፣ ብቻሽን። «ኪራይ የምትከፍዪው ለማን ነው?» በያት። ኮሚቴ ሳለሁ ቤቱ የማን እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቁት ተከራዮችና የግቢው ጥበቃ ነበሩ። በዚያው ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጠይቂ። የማኅበሩ መዋጮ ውዝፍ ካለበት በኋላ ካንቺ ነው የሚጠየቀው። እናትሽ ደረጃ መውጣት ይችላሉ? እኛ ብሎክ 4ኛ ፎቅ የገቡ አንዲት እናት ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆሙ።

ከስደት መልስ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ዛሬ ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ተከራይዋ ጋ ሄድኩ። ቡና አፈላችልኝ። ኪራዩን በባንክ የምታስገባው ለአንዲት ሴት ነው። ደረሰኙን አሳየችኝ፤ ስሙ የወኪሉም አይደለም፣ በፎቶ ኮፒው ላይ ያለውም አይደለም። ከእኔ በፊት የመጣው ሰውዬ ቀብድ መክፈሉንም ሰምታለች።

ከደረጃው ሳልወርድ ወኪሉ ጋ ደውዬ «ነገ አብረን ሄደን ፋይሉን እንይ» አልኩት። «አንቺ ገዥ አይደለሽም፣ መርማሪ ነሽ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሐሙስ ብሩን ላወጣ ነበር። ያ ቀብድ የከፈለው ሰውዬ ማን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ እደውልለት ነበር፤ እሱ ነው ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ስለዚህ ምድር ቤት ወይም 1ኛ ፎቅ፣ 5 ዓመት ያለፈው፣ ዕዳው ያለቀ ብቻ ነው የምፈልገው። ጀሞ ያሉት አባቴ፣ ያንን የዕዳና እገዳ ወረቀት ለማውጣት ስንት ቀን ፈጀባችሁ? ሻጯ ብቻዋን አወጣችው ወይስ እርስዎም መፈረም ነበረብዎት?