የወይራ ዘይትና የልጄ ችፌ፦ አማቴን እንዴት ልንገራቸው?

ሰላም እናቶች፣ በተለይ የጎንደር እናቶች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

የሰባት ወር ልጄ ጉንጩና የክርኑ እጥፋት ላይ ችፌ ወጥቶበታል። ሌሊቱን ሲያክ ያድራል፣ እኔም አብሬው።

አማቴ ከአዘዞ ይመጡና ጠዋት ጠዋት የወይራ ዘይት በመዳፋቸው አሙቀው ፀሐይ ላይ ያሹታል። ዘይቱ የተጸለየበት ነው። እጃቸውም ስድስት ልጅ ያሳደገ እጅ ነውና መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን በታሸ ቁጥር ጉንጩ እንደ በርበሬ ይቀላል፤ ትናንት ደግሞ ክርኑ ተሰንጥቆ ውሃ ማዠት ጀመረ።

ሳነብ፣ የወይራ ዘይት ውስጥ በብዛት ያለው ኦሌይክ አሲድ የቆዳን የላይኛውን ሽፋን ያዳክማል ይላል። በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት አዋቂዎች ክንዳቸውን ለሳምንታት ሲቀቡ የወይራ ዘይቱ ሽፋኑን ጎዳው፣ ቆዳውንም አቀላው፤ የሱፍ ዘይት ግን እንዲህ አላደረገም። የአዋቂ ክንድ እንዲህ ከሆነ የጨቅላ ጉንጭ እንዴት ይችለዋል?

ጤና ጣቢያ «ታጥቦ እርጥበቱ ሳይደርቅ ቫዝሊን ቀቢው» ብለውኛል። ስለሚያዠውም ነገ መልሼ እወስደዋለሁ።

የጨነቀኝ አማቴ ናቸው። «ቅባ ቅዱሱን ናቀችብኝ» ብለው እንዲያዝኑ አልፈልግም፤ እምነቱ የእኔም ነው። ግንባሩን ብቻ በመስቀል ምልክት ይቀቡት፣ ቁስሉን ይተዉት ብላቸው ይከፋቸው ይሆን? ወይስ ባለቤቴ ይንገራቸው? እንዲህ የገጠማችሁ በምን ቃል ነገራችሁ?