ሳይትማፕ አስገባሁ፤ ጉግል ግን ማምጣት አልተቻለም ይለኛል

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

እንደምን ሰነበታችሁ። የአማርኛ መምህር ነኝ። ስለ ጎጃም ቦታዎች፣ ስለ ድሮ ስሞቻቸውና ስለ ቅኔ ቤቶች የሰበሰብኩትን ወርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ በተሠራ ገጽ ላይ ማስፈር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስካሁን 184 ጽሑፍ ወጥቷል። ገጹን የሠራልኝ የእህቴ ልጅ ነው። አሁን ሥራ በዝቶበታል፤ በየጊዜው እየደወልኩ ላስቸግረው አልፈለግሁም።

ችግሬ ይህ ነው። ጉግል ላይ ስለ ዲማ ጊዮርጊስ ስፈልግ የእኔ ጽሑፍ የለም። ሙሉ ርእሱን በትእምርተ ጥቅስ ከትቼ ብፈልግም የለም። አንድ ባልደረባዬ «ሳይትማፕ፣ ማለትም የገጽዎን ሊንኮች የሚዘረዝረውን ፋይል፣ ለጉግል አላስገቡም ማለት ነው» አለኝ። ጉግል ለገጽ ባለቤቶች ያዘጋጀውን ሰርች ኮንሶል ከፈትኩ፣ ገጹ የእኔ መሆኑን አረጋገጥኩ፣ ሳይትማፕስ በሚለው ቦታ «ዳብሊውፒ-ሳይትማፕ ዶት ኤክስኤምኤል» የሚለውን አስገባሁ። መልሱ «ኩድንት ፌች» ሆነ፤ ማምጣት አልተቻለም ማለቱ ነው። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ያው ነው።

ተማሪዎቼ መንቆረር የከተማቸው የድሮ ስም መሆኑን ስልካቸው ላይ ፈልገው ቢያገኙት ደስ ይለኛል። የለፋሁት ለዚያ ነው። እባካችሁ ምን ላድርግ?

ከባሕር ዳር

ሰላም መምህር። ድረ ገጽ መሥራት እንጀራዬ ነው። ሰርች ኮንሶሉን ለጊዜው ይተዉትና ሊንኩን ራሱን በብራውዘር ይክፈቱት። የገጽዎን አድራሻ ይጻፉ፣ እዝባር ያስከትሉ፣ ከዚያ ያንኑ የፋይል ስም። ምን ይታይዎታል?

የሊንኮች ሰንጠረዥ ከወጣ ፋይሉ አለ ማለት ነው፤ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን። «ገጹ አልተገኘም» ካለ ግን ጉግል የሌለ ነገር ከየት ያመጣል? እስኪ ይዩትና ይንገሩን።

ከእንጅባራ

እኔ የፈረሰኞቻችንን ፎቶ የማወጣበት ገጽ አለኝ። ያኔ ያደረግሁት ይህ ነበር። የሳይትማፕ ፕለጊን፣ ማለትም ገጹ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ጫንኩ፤ ለእያንዳንዱ ገጽ «ፕራዮሪቲ» (ቅድሚያው) 1.0፣ «ቼንጅ ፍሪክዌንሲ» (በስንት ጊዜ እንደሚለወጥ) ደግሞ በየቀኑ የሚለውን መረጥኩ። ከዚያ «ሳይትማፔን እየው» ብሎ ለጉግል የሚያሳውቀውን የፒንግ ሊንክ ከፈትኩ። በሳምንቱ ገባልኝ። መምህርም እንደዚያው ቢሞክሩት?

ከአዲስ አበባ፣ የሞጣ ልጅ

ወንድሜ፣ አንተ የሠራኸው ያኔ ትክክል ነበር። የፒንግ ሊንኩን ግን ጉግል በ2023 እ.ኤ.አ. እንደሚያቆመው አስታውቆ ዘግቶታል። መምህር እሱን ሲሞክሩ ጊዜ እንዳያባክኑ ብዬ ነው። ፕራዮሪቲና ቼንጅ ፍሪክዌንሲ የሚባሉትንም ጉግል አያያቸውም። የሚያየው «ላስትሞድ» የሚባለውን ነው፤ ጽሑፉ መጨረሻ የተሻሻለበት ቀን። እሱም እውነተኛ ሲሆን ብቻ ነው። ምንም ሳይነካ ቀኑን በየዕለቱ የሚለውጥ ፕለጊን ካለ ጉግል ቀኑን ማመን ይተዋል።

መምህር፣ ሌላ ፕለጊን አይጫኑ። ወርድፕረስ ከ5.5 እትሙ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ሳይትማፕ ራሱ ይሠራል። ከ6.5 ጀምሮ ላስትሞዱንም ይጨምራል። መጀመሪያ የባሕር ዳሩን ወንድማችንን ጥያቄ ይመልሱለት።

ጠያቂ

ከፈትኩት። «404፣ ገጹ አልተገኘም» ይላል። ፋይሉ የለም ማለት ነው?

ከባሕር ዳር

አዎ፣ የለም። ምክንያቱን የጠረጠርኩ ይመስለኛል። ወደ ዳሽቦርድ ይግቡ፤ በግራ በኩል ሴቲንግስ፣ ከሥሩ ሪዲንግ። ወደ ታች ሲወርዱ ከማስቀመጫው ቁልፍ በላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። የፍለጋ ሞተሮች ገጹን እንዳይመዘግቡ የምትጠይቅ ናት። ምልክት ተደርጎባታል?

እኛ ገጽ ስንሠራ ያላለቀው ሥራ ጉግል ላይ እንዳይወጣ እሷን ምልክት እናደርጋለን። ሲያልቅ ማንሳት ነበረብን። ብዙ ጊዜ ይረሳል። ምልክቱ እስካለ ድረስ ወርድፕረስ ሳይትማፑን ጭራሽ አይሠራም። ከዚያ የባሰው ደግሞ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ «ኖኢንዴክስ» የሚል ትእዛዝ መለጠፉ ነው። ይህ ለጉግል «አትመዝግበኝ» ማለት ነው። ያ ትእዛዝ እያለ ሳይትማፑን በሌላ መንገድ ቢያስገቡት እንኳ ምንም አይፈይድም።

ጠያቂ

እግዜር ይስጥልኝ! ምልክቱ ነበረበት። ሁለት ዓመት ሙሉ! አንስቼ አስቀመጥኩ። ወዲያው ሳይትማፑ ተከፈተ፤ ሰንጠረዡን አየሁት። የእህቴን ልጅ አልወቅሰውም። ልጁ ማታ ማታ ነው የሠራልኝ፣ ያውም በነጻ።

አሁን ግን ሌላ ነገር አየሁ። ካታጎሪ በሚለው ዝርዝር ውስጥ ጎጃም ሁለት ጊዜ አለ። ስጫነው አንዱ 131፣ ሌላው 53 ጽሑፍ ይዟል። እኔ ሁለት ክፍል አልከፈትኩም። ምንድን ነው?

ከአዲስ አበባ፣ የሞጣ ልጅ

መምህር፣ ፊደሎቹን ቀረብ አድርገው ይዩአቸው። አንዱ «ጎጃም»፣ ሌላው «ጐጃም» መሆን አለበት። ለእኛ ቃሉ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ጎ እና ጐ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። አድራሻው ላይ ሲጻፉም ይለያያሉ። ሊንኩን ገልብጠው ሌላ ቦታ ቢለጥፉት በፐርሰንት ምልክት የተሞላ ረጅም ነገር ይሆናል አይደል? እዚያ ውስጥ የጎ መጨረሻ 8ኢ፣ የጐ መጨረሻ ደግሞ 90 ነው። ስለዚህ ወርድፕረስ ሁለት ክፍል፣ ሁለት አድራሻ አድርጎ ያዛቸው። ሳይትማፑም ሁለቱን ዘርዝሮ ለጉግል ሰጠ።

ማስተካከያው ይህ ነው። ከጽሑፎች ዝርዝር 53ቱን ይምረጡ፣ ብዙ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ በሚያስተካክለው ቡልክ ኤዲት «ጎጃም» የሚለውን ካታጎሪ ይጨምሩላቸው። ከዚያ «ጐጃም» የሚለውን ካታጎሪ ይሰርዙት። አይፍሩ፤ ካታጎሪ ሲሰረዝ ጽሑፎቹ አይጠፉም። የክፍሉ የድሮ ሊንክ ግን በራሱ አይዞርም። የሆነ ቦታ ለጥፈውት ከሆነ ወደ አዲሱ የሚመራ ሪዳይሬክት ያስፈልገዋል።

ይህን ስጽፍ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ ትዝ አሉኝ። ታግ በሚለውም ውስጥ «ንጉስ» እና «ንጉሥ» ተለያይተው ይሆናል።

ጠያቂ

ልክ ነሽ፤ ጐ ናት። ከድሮ ጽሑፍ ስገለብጥ እንዳለች ነው የማስቀምጣት። እውነቱን ለመናገር ጐ እንድትቀር አልፈልግም። የድሮ ሰዎች አጻጻፍ ናት፤ ልጆች እንዲያዩዋት እፈልጋለሁ። የግድ ላጥፋት?

ከአዲስ አበባ፣ የሞጣ ልጅ

የለም፣ የለም! ጽሑፉ ውስጥ እንዳለች ትኑር። አንድ መሆን ያለበት የካታጎሪው ስምና አድራሻው ብቻ ነው። እንዲያውም በጐ የሚጽፍ ሰው ሲፈልግ እርስዎ ጋ እንዲደርስ በጽሑፉ ውስጥ ሁለቱም አጻጻፍ መኖሩ ጥሩ ነው።

ከቡሬ

እኔ የአባቴን የበርበሬ ሥራ የማስተዋውቅበት አነስተኛ ገጽ አለኝ። ወርድፕረስ አይደለም፤ ዘጠኝ ገጽ ስለሆነ ሳይትማፑን በእጄ ነው የጻፍኩት። እንደ እኔ የምታደርጉ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፋይሉ የሚጀምረው ኤክስኤምኤል መሆኑን በምትናገር አንዲት መስመር ነው። የእኔ ከእሷ በላይ አንድ ባዶ መስመር ነበረው። በዓይን ምንም አይታይም። በእሱ ምክንያት ሁለት ሳምንት «ሊነበብ አልቻለም» ሲለኝ ከረመ። ባዶዋን መስመር ሳጠፋት በማግስቱ ተነበበ። ፋይሉ ሲቀመጥ የፊደል አያያዙ (ኢንኮዲንጉ) ዩቲኤፍ-8 መሆኑንም እዩ፤ ሊንኮቹም ከኤችቲቲፒኤስ ጀምሮ ሙሉ ይሁኑ።

ግን ልጠይቅ። ለ184 ጽሑፍ ሳይትማፕ የግድ ነው? ከ500 ገጽ በታች ከሆነና ገጾቹ እርስ በርስ በሊንክ ከተያያዙ ላያስፈልግ ይችላል ሲባል አንብቤያለሁ።

ከባሕር ዳር

እህቴ፣ ያነበብሽው ልክ ነው፤ ጉግል ራሱ የሚለው ነው። ነገር ግን ከውጭ የሚያመለክተው ሊንክ የሌለው ገጽ ሲሆን ሳይትማፕ ይረዳል ይላል። የመምህር ገጽ እስከ ትናንት በሩ ተዘግቶ የኖረ ነው። ስለዚህ ያስገቡት። መጠኑ አያሳስብም፤ አንድ ፋይል 50,000 ሊንክ ወይም 50 ሜጋባይት ድረስ ይይዛል።

መምህር፣ ሳይትማፕ ዝርዝር ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ጉግል ሊንኮቹ መኖራቸውን ያውቅበታል፤ የቱን እንደሚመዘግብ የሚወስነው ራሱ ነው። ስለዚህ ጽሑፎችዎን ያያይዟቸው። ስለ ዲማ ሲጽፉ ስለ ብቸና የጻፉትን እዚያው በሊንክ ይጥቀሱ። ለአንባቢም ይጠቅማል።

ርእስዎም ረጅም ነው። ወርድፕረስ ከርእሱ የሚሠራው የአድራሻው ጅራት ከ200 ምልክት አያልፍም። አንድ የግእዝ ፊደል ደግሞ ወደ አድራሻ ሲለወጥ 9 ምልክት ይበላል። ስለዚህ 22 ፊደል ገደማ ላይ ይቆረጣል። ለምሳሌ «የጎጃም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በመንቆረር ያሠሩት ቤተ መንግሥት» ብለው ቢጽፉ አድራሻው «በመንቆረር» ላይ ያቆማል። በተመሳሳይ ቃላት የሚጀምር ሌላ ጽሑፍ ሲወጣ መጨረሻው ላይ 2 ይለጠፍበታል። ጉግል ለዚህ ግድ የለውም፤ የአማርኛ አድራሻም ችግር የለበትም። ቴሌግራም ላይ ለምታጋሩት ሰው ግን አያምርም። ለወደፊቱ አድራሻውን በእጅዎ አሳጥረው «ተክለ-ሃይማኖት-ቤተ-መንግሥት» ቢሉት ይበቃል። የድሮዎቹን አይንኩ።

ከእንጅባራ

እኔም ተምሬያለሁ፣ አመሰግናለሁ። ቢንግስ? ለብቻው ሌላ ሳይትማፕ ይፈልጋል?

ከአዲስ አበባ፣ የሞጣ ልጅ

አይፈልግም፤ ያው ፋይል ነው። ጉግል በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረውን አሠራር በ2006 ያሁና ማይክሮሶፍት ተቀብለውታል። ቢንግ ዌብማስተር ቱልስ ውስጥ ስትገባ ከሰርች ኮንሶል ገጽህን በቀጥታ ማምጣት ትችላለህ። የፍለጋ ሞተሮች ገጹን ሲጎበኙ የሚያነቡት ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ የሚባለው ፋይል ላይም የሳይትማፑ ሊንክ ቢኖር ሌሎቹም ያገኙታል። ወርድፕረስ ይህን ራሱ ይጽፋል።

ጠያቂ፣ ከ11 ቀን በኋላ

ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ። ካታጎሪዎቹን አንድ አደረግሁ። ሳይትማፑን ሰርዤ እንደገና አስገባሁት፤ በሁለተኛው ቀን «ሰክሰስ» አለ። ለዲማው ጽሑፍ፣ ለመንቆረሩና ለሌሎች አምስት ዩአርኤል ኢንስፔክሽን በሚለው ቦታ እንዲመዘገቡ ለየብቻ ጥያቄ አቀረብኩ። ዛሬ 61 ገጽ ተመዝግቦ አየሁ። ሌሎቹ «ታውቋል፣ ገና አልተመዘገበም» ይላሉ። ወዲያ ወዲህ ሳልል የቆዩ ጽሑፎቼን እያያያዝኩ ነው።

ዛሬ ጠዋት ክፍል ገብቼ ልጆቹን «መንቆረር ማለት ምንድን ነው? ፈልጉ» አልኳቸው። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን ከፍ አድርጋ «መምህር፣ ይኼ የእርስዎ አይደለም?» አለችኝ።