ለቤት የሚሆን ባለባትሪ ድሪል የቱ ይሻላል? ጥቆማ እፈልጋለሁ

ሳሮን፦ ሰላም ቤተሰብ። ኮንዶሚኒየም ገባን፣ አራተኛ ፎቅ። አራት መጋረጃ፣ የቲቪ ማንጠልጠያ እና የኩሽና መደርደሪያ ይቀረናል። ባለሙያ በጠራሁ ቁጥር "ነገ" ይለኛል። ስለዚህ የራሴን ልገዛ ነው። መብራት ሲሄድም እንዲሠራልኝ ባለባትሪ እፈልጋለሁ። ሱቅ ስገባ 12 ቮልት፣ 18፣ 20፣ ሀመር ያለው፣ የሌለው... ግራ ገባኝ። የተጠቀማችሁ ንገሩኝ።

ኪያ፦ ኢንግኮ 20 ቮልት አለኝ። አልጋ ገጥሜበታለሁ፣ ቁምሳጥን ገጥሜበታለሁ፣ ምንም አላለኝም። በ18 እና በ20 ደግሞ አትጨነቂ። ሁለቱም ባትሪ ውስጥ አምስት የሊቲየም ሴል፣ ማለትም ትንንሽ ባትሪ፣ ነው በተርታ ያለው። ሙሉ ቻርጅ ሲሆን 20 ይላል፣ ሥራ ላይ 18 ነው።

አቤል፦ ብራንዱን ተይው። መርካቶ ደንበኛዬ አለ፣ አባቴም ከሱ ነው የሚገዛው። ከሱ ከሆነ ዓይንሽን ጨፍነሽ ውሰጂ።

ሄኖክ፦ እኔን ያቃጠለኝ ዓይን ጨፍኖ መግዛት ነው። ባትሪው ላይ "4 Ah" ይላል፣ አምፔር-አወር፣ የሚይዘው ቻርጅ መጠን ማለት ነው። ሁለት ቀዳዳ ሳልጨርስ ይሞታል። በሦስተኛው ወር ጭራሽ ቻርጅ አልይዝም አለ። በካቻቢቴ ፈታሁት። አሥር ሴል ሊኖረው ሲገባ አምስት ብቻ ነው ያለው። የቀረው ቦታ ባዶ! ስመልሰው ባለሱቁ "ራስህ ነካክተኸው ነው" አለኝ።

ሩት፦ ውይ! የት ነው የገዛኸው?

ሄኖክ፦ ስም አልጠራም። ደረሰኝ አልተቀበልኩም፣ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ሳሮን፣ ባትሪውን በእጅሽ መዝኚው። ባለ 4ው ከባለ 2ው በደንብ መክበድ አለበት።

አቤል፦ የኔ ደንበኛ እንዲህ አያደርግም።

ሄኖክ፦ ያንተን ደንበኛ መቼ ነካሁ?

ማሜ፦ ግድግዳ ልትበሺ ነው ወይስ ተራራ? ለአራት መጋረጃ ይሄ ሁሉ!

ሳሮን፦ ሰው አይመጣልኝም አልኩ እኮ።

ቢኒ ከዲሲ፦ ከዚህ የሚያመጣልሽ ካለ ቻርጀሩን እዪ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእናንተ 220። ወንድሜ እንዳለ ሰክቶት ወዲያው ጨሰ። ትርፍ ባትሪ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው፣ ድሪሉ በሚጫነው።

ሩት፦ ለመደርደሪያው የሚለጠፍ ማንጠልጠያ ብትሞክሪስ?

ጋሽ ታዴ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ግድግዳሽን እወቂ። ክፍሉን የሚለየው ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ክፍት። እሱን ስትበሺ ሀመሩን፣ እየመታ የሚበሳበትን ማለቴ ነው፣ አጥፊው። አለዚያ ከውስጥ በኩል ይቦደስና ፊሸሩ፣ ቪቴው የሚገባበት ፕላስቲክ፣ አይይዝልሽም። ከመስኮቱ በላይ ያለው ግን አርማታ ነው። ሰው ሁሉ መጋረጃ ሊሰቅል ሲል "ድሪሉ አይረባም" የሚለው እዚያ ጋ ነው። ሀመር የሌለው ድሪል እዚያ ፑንታውን፣ መብሻ ብረቱን፣ ያግላል እንጂ አይበሳም። ስለዚህ ሀመር ያለው ባለ 18 ወይ ባለ 20 ያዢ። 12ቱ ለቪቴ ነው። የኮንክሪት ፑንታ ለብቻ ግዢ፣ 6 ሚሊ ከ6 ፊሸር ጋር። ፊሸሩን ከፑንታው ጎን ለጎን ለኪና ትንሽ አልፈሽ ፕላስተር ጠቅልዪበት። ፕላስተሩ ግድግዳውን ሲነካ አቁሚ። ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት ትክክል ወደ ላይም ወደ ጎንም አትብሺ፣ ሽቦ የሚሄደው በዚያ ነው። ቲቪው ከባድ ከሆነ ግን አርማታ ፈልጊለት፣ ብሎኬት ላይ አልመክርሽም።

ሄኖክ፦ ጋሼ፣ ሴል የሚቀይር ሰው ያውቃሉ? ድሪሉ ራሱ ደህና ነው።

ጋሽ ታዴ፦ የላፕቶፕ ባትሪ የሚሠሩትን ጠይቅ። አምስቱንም አንድ ላይ ያስቀይሩህ፣ አሮጌና አዲስ አይቀላቀልም።

አቤል፦ ሳሮን፣ የደንበኛዬን ስልክ በውስጥ ልኬልሻለሁ።

ሩት፦ መጋረጃውንስ የት አሰፋሽው?

ሳሮን፦ ጨርቁን ከመርካቶ ገዝቼ ሰፈር ነው ያሰፋሁት ሩትዬ። ግን ሳይታጠብ ስለተሰፋ አጠረብኝ፣ አንቺ ቀድመሽ እጠቢው።