«ማጎሪያ»፣ «የጥበቃ እስር»፣ «ሊያመልጥ ሲል»

ጥያቄ፦ ሰላም የቋንቋ ወዳጆች። «ማጎሪያ ካምፕ» ሲባል እኔ የሚታየኝ የጋዝ ክፍል ነው። በጀርመን ሙኒክ አጠገብ የነበረው የናዚዎች ካምፕ ዳካው ግን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በማርች 1933 ነው። ያኔ ለምን ነበር የተከፈተው?

መልስ፦ «አጎረ» ሰውን ወይም ከብትን ጠባብ ቦታ ጠቅጥቆ ማስገባት ነው። ስለ መግደል ምንም አይልም። የጀርመንኛውም ስም እንደዚሁ ነው፤ ሰውን አንድ ቦታ ሰብስቦ መያዝ። አሠራሩም የናዚዎች ፈጠራ አይደለም። እንግሊዝ በደቡብ አፍሪካ ከእነሱ በፊት አድርጋዋለች።

ለእኔ የሚገርመው ሌላው ቃል ነው፦ «ሹትስሃፍት»፣ የጥበቃ እስር። በፌብሩዋሪ 27, 1933 የበርሊኑ ፓርላማ ተቃጠለ። በማግስቱ የወጣው ድንጋጌ የመናገር፣ የመሰብሰብና የግል ነፃነት መብቶችን አገደ። ከዚያ በኋላ ፖሊስ ያለ ክስና ያለ ዳኛ ሰው ያፍስ ጀመር፤ «ጥበቃ» ነው እያለ። ማን ከማን እንደሚጠበቅ እናንተው ፍረዱ።

በመጀመሪያ የታፈሱት በብዛት ኮሚኒስቶች፣ ሶሻል ዴሞክራቶችና የሠራተኛ ማኅበር ሰዎች ናቸው። ዓላማው ተቃዋሚን መስበር፣ የቀረውን ማስፈራት ነበር። እስር ቤቶች ሲሞሉ ያገኙትን ግቢ ሁሉ ማጎሪያ አደረጉት። ኦራኒየንቡርግ የድሮ ቢራ ፋብሪካ፣ ዳካው የድሮ ባሩድ ፋብሪካ ነበር። ብዙዎቹ እስረኞች ከወራት በኋላ ተለቀዋል፤ ያዩትን እንዳያወሩ ተደርገው።

ካምፑ ራሱ ግን ምስጢር አልነበረም። የናዚው ኤስ.ኤስ. ጦር አለቃ ሂምለር ዳካው 5,000 ሰው እንደሚይዝ በጋዜጣ አስነግሯል። ካልታወቀ ማን ይፈራዋል? ሕዝቡም ግጥም አወጣለት፤ ባጭሩ «አምላኬ ዲዳ አድርገኝ፣ ዳካው እንዳልገባ» የሚል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ናዚዎች በያዟት ፖላንድ የነበረውን ትሬብሊንካንስ «ማጎሪያ» እንበለው?

መልስ፦ እኔ አልልም። በ1942 የተከፈተው ለመግደል ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው በደረሰ በሰዓታት ውስጥ ይገደል ነበር፤ የሚታጎርበት ጊዜ እንኳ አልነበረውም። «የጅምላ መግደያ» ይሻላል።

ዳካው ላይ ግን አልተገደለም እያልኩ አይደለም። በተከፈተ በ3 ሳምንቱ ጠባቂዎች 4 አይሁድ እስረኞችን ተኩሰው ገደሉ። የተሰጠው ምክንያት «ሊያመልጡ ሲሉ» የሚል ነው፤ ይቺን አባባል እኛም አገር እናውቃታለን። የሙኒክ ዐቃቤ ሕግ ምርመራ ጀመረ፣ የካምፑም አዛዥ ከቦታው ተነሣ። በምትኩ የመጣው ቴዎዶር አይከ ጭካኔውን ደንብ አድርጎ ጻፈው። ኋላ ሌሎቹ ካምፖች የተደራጁት በዚያው ደንብ ነው።