«በማለፍ በላው» ሲባል ያለፈው ማን ነው?

ባለ ነጩ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። በልጆች የቼዝ ውድድር ላይ ጨዋታውን በድምፅ ማጉያ የሚያስረዳው ሰው «ነጩ ወታደር ጥቁሩን በማለፍ በላው» አለ። የእህቴ ልጅ «ማን ማንን አለፈ?» ብላ ያዘችኝ። ነጩ ኢ5 ላይ ቆሟል። ጥቁሩ ከዲ7 ተነሥቶ ሁለት ቤት ተራምዶ ዲ5 ላይ አጠገቡ አረፈ። ነጩ በሰያፍ ዲ6 ገባና ጥቁሩን ከዲ5 አነሣው። ፈረንሳዮች «አን ፓሳን» የሚሉት መሆኑን አውቃለሁ። ለልጆቹ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ስለሆነ «በማለፍ መብላት» ብዬ ብጽፍ አማርኛው ያስኬዳልን?

ዘቅኔ ቤት፦
አያስኬድም። «በመሮጥ አመለጠ» ሲባል የሮጠውም ያመለጠውም አንድ ሰው ነው። እዚህ ግን ያለፈው ተበይው ነው፤ በይው የትም አላለፈም። ባለቤቱ ሳይታወቅ አንቀጽ የሚያስር ሰው ድምፅ ማጉያ ባይሰጠው መልካም ነበር። «ሲያልፍ በላው» ይባል።

ሰዋስው፦
የኔታ፣ «ሲያልፍ በላው»ም ሁለት ፊት አለው። «ከበደን ሲሄድ አገኘው» ብንል የሄደው ከበደ ነው ወይስ አግኚው? የሚሻለው ቦዝ አንቀጹን መተው ብቻ ነው፤ «አልፎ በላው» ካልን ግን ያለ ጥርጥር በይው ያልፋል።

ዘቅኔ ቤት፦
ሁለት ፊት መሆኑ ነውር ነውን? ሰምና ወርቅ የለመደ ሰው በዚህ አይደናገጥም። በግእዙ «እንዘ የኀልፍ በልዖ» ብትለውም ያው ነው። ደግሞ ኀለፈ በብዙኃኑ ኀ ነው፤ በሐመሩ ሐ የምትጽፉ እዚህ ቤት አላችሁ፤ ስም አልጠራም።

አላፊ አግዳሚ፦
በብዙኃኑ ከሆነማ «ኃላፊ»ም ከዚያው ሥር መጣ ማለት ነው። «ወታደሩ ኃላፊውን በላው» ብለን ብንለጥፍ የመሥሪያ ቤት ወሬ ይመስላል። እኔ በስሜ ምክንያት ሳላዳላ «አላፊ መብላት» የሚለውን አቀርባለሁ። ተበይው አላፊ፣ በሰያፍ የሚገባው ደግሞ አግዳሚ!

ፈርዝ፦
ቀልዱ ይቆየንና ሕጉን ላስቀምጥ፤ ቃሉም ከሕጉ ይወጣል። ወታደር ከመነሻው ሁለት ቤት መራመድ ቀድሞ አልነበረም፤ ጨዋታውን ለማፍጠን በአውሮፓ የገባ ነው። ችግሩ ወዲያው ታየ፤ ተራማጁ ወታደር በጠላት ወታደር የሚጠበቀውን ቤት ዘልሎ ያመልጣል። ስለዚህ አንድ ቤት ብቻ እንደ ተራመደ ተቆጥሮ እንዲበላ ተፈቀደ። ጣልያኖች እስከ 1880 ድረስ ይህን አልተቀበሉም ነበር። ወታደሩ በሰላም እንዲያልፍ ይፈቅዱለትና «ፓሳር ባታሊያ» ይሉት ነበር፤ «ጦርነቱን ማለፍ» እንደ ማለት ነው። እዚያ አላፊው ሁለት ቤት የሚራመደው መሆኑ ግልጽ ነው፤ የፈረንሳይኛውም ስም ያንኑ አላፊ ይከተላል።

ለልጆቹ ደግሞ ይህን ጨምርላቸው፤ በይውም ተበይውም ወታደር ብቻ ነው፤ ፈረስ ወይም ንግሥት አይችሉም። በይው ነጭ ከሆነ አምስተኛው፣ ጥቁር ከሆነ አራተኛው መስመር ላይ መቆም አለበት። መብቱ ለአንድ ተራ ብቻ ነው፤ ሌላ ጠጠር ካንቀሳቀሱ አለቀ። በሌላ በኩል ሌላ ሕጋዊ እርምጃ ከሌለ መብላት ግዴታ ይሆናል። አስቸጋሪውን ደግሞ አስቡት፦ ነጩ ንጉሥ ኤ5፣ የጥቁሩ ግንብ ኤች5፣ በመካከላቸው ሁለቱ ወታደሮች ብቻ። ነጩ ቢበላ ሁለቱም ከመስመሩ ይነሡና ንጉሡ ለግንቡ ይጋለጣል፤ ስለዚህ አይፈቀድም። ስንቱ ተጫዋች እዚህ ላይ ይወድቃል!

ስንጥር፦
ይህ ሁሉ በአያቶቻችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ ነበር። ሰንጠረዥ ራሱ «ሰነጠረ» ከሚለው ነው፤ ጠጠሮቹ ከእንጨት ስንጥር ይቀረጹ ስለነበር።

ፈርዝ፦
አልነበረም። በሰንጠረዥ ወታደሩ አንድ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ሁለት ቤት መራመድ ከሌለ የሚያልፍም የለም። መጀመሪያ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ጠጠር የሚያንቀሳቅሱበት ወረራ አለ፤ ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው።

ሰዋስው፦
ስንጥር ወንድሜ፣ «ዥ»ን ከየት አመጣኸው? ግእዝ «ዠ» የለውም። ቃሉ ከዐረብኛው «ሸጥረንጅ» ነው፤ እርሱም በፋርስ በኩል ከሕንዱ «ቻቱራንጋ»፣ አራት ክፍል ያለው ሠራዊት። ፊል የሚባለው ጠጠር ስሙ በዐረብኛ ዝሆን መሆኑስ አይነግርህም?

ስንጥር፦
ዐረቦቹ ከእኛ ወስደውት ቢሆንስ?

ዘቅኔ ቤት፦
አቤቱ ማረን።

ባለ ነጩ፦
አባቶቼ፣ ሕጉን አመሰግናለሁ። ግን ወረቀቱ ላይ የቱን ልጻፍ? «ሲያልፍ መብላት»፣ «አላፊ መብላት» ወይስ «አን ፓሳን»?

ዘቅኔ ቤት፦
በመጀመሪያ «አንቀጽ»ና «አርእስት» የሚለያዩበትን እናጥራ። «መብላት» አርእስት ነው፤ አርእስት ደግሞ ባለቤት አይጠይቅም...

ሰዋስው፦
ማን አለ አይጠይቅም? «የልጁ መብላት» ስንል «የልጁ» ምንድን ነው?

አላፊ አግዳሚ፦
ልጁ ወይ በልቷል ወይ ተበልቷል፤ እሱንም አልነገራችሁንም።