ለአምስት ቀን የስሜን ተራሮች ጉዞ ምን እንያዝ?

መምህርቷ ከአዘዞ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ከአራት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ልንሄድ ተዘጋጅተናል። ሐሳባችን ደባርቅ ላይ ስካውት (መሣሪያ የያዘ የፓርክ አጃቢ) እና በቅሎ ይዘን፣ ሳንቃ በርና ግጭ በተባሉት የድንኳን ሰፈሮች አንድ አንድ ሌሊት፣ ጨነቅ በተባለው ሰፈር ደግሞ ሁለት ሌሊት አድረን፣ የቧሂትን ተራራ ወጥተን መመለስ ነው። በዕድሜ የሚበልጡን መምህር «የጎንደር ሰው ብርድ ያውቃል፤ ጋቢና ብርድ ልብስ ይበቃናል» ይላሉ። ወጣቶቹ በበኩላቸው ጭነቱን የሚሸከመው በቅሎ ስለሆነ ያለንን ሁሉ እንያዝ ባዮች ናቸው። እኔን ሁለቱም አላሳመኑኝም። መንገዱን የምታውቁት ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

ተጓዥ ከማራኪ፦
እህቴ፣ መምህሩ የሚያውቁት ብርድ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን የጎንደርን ብርድ ነው። ግጭና ጨነቅ ግን 3,600 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ አንድ ሺህ ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በጥር ሌሊት ከዜሮ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። እኔ ግጭ ላይ ያጠብሁትን ካልሲ በድንኳኑ ገመድ ላይ አስጥቼ አደርሁ፤ ጠዋት ሳነሣው እንደ ደረቀ ቆዳ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ስጫነውም በረዶው ተሰባበረ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ወፍራም የመኝታ ከረጢትና ከሥሩ የሚነጠፍ ስፖንጅ የግድ ያስፈልጋል፤ ከላይ የቱንም ያህል ብትደራርቡ ከመሬት የሚመጣውን ቅዝቃዜ የሚከለክለው ስፖንጁ ነው። ጋቢውን እራት እስኪደርስ ለመደረብ ያዙት፤ ጥጥ ስለሆነ ግን ከረጠበ ይከብዳል እንጂ አያሞቅም። ለመኝታ ብቻ የሚሆን አንድ ደረቅ ልብስና የሱፍ ካልሲ በፌስታል ቋጥራችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ቀን ምንም ቢመጣ እንዳትነኩት።

ወጣቶቹን በተመለከተ፣ በቅሎዋ ሁልጊዜ አጠገባችሁ አትሆንም። እናንተ ገደሉን እያያችሁ እሜት ጎጎ በተባለው የተራራ ጫፍ በኩል ስትዞሩ፣ በቅሎ ነጂው በአቋራጭ ወደ ሰፈሩ ይሄዳል። ስለዚህ ውኃ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና መድኃኒት ከጀርባችሁ አይለዩ። ጫማውንም አዲስ እንደሆነ ይዛችሁ እንዳትነሡ፤ ከአሁኑ ጀምራችሁ በየቀኑ ተጫሙት። ስልክና ፓወር ባንክ በብርድ ቶሎ ስለሚደክሙ ሌሊት ከመኝታ ከረጢቱ ውስጥ አስገቧቸው።

ነርስ ከጎንደር፦
እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የጉዞ ዕቅዳችሁ ነው። ከጎንደር ተነሥታችሁ በዚያው ቀን ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነው ሳንቃ በር ከምታድሩ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደባርቅ ብታሳልፉ ሰውነታችሁ ይለምዳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የምግብ ፍላጎት ማጣት የከፍታ ሕመም ምልክቶች ስለሆኑ፣ የተሰማው ሰው ጓደኞቼን አስቸግራለሁ ብሎ እንዳይደብቅ ከወዲሁ ተስማሙ። ምልክቱ እስኪለቅ ወደ ላይ መቀጠል አይገባም። ከባሰበት፣ በተለይም ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች መውረድ አለበት። አሴታዞላማይድ የሚባለው መድኃኒት ሰውነት ከፍታውን ቶሎ እንዲለምድ ይረዳል፤ ነገር ግን ለሁሉም ሰው ስለማይስማማ፣ በተለይ መምህሩ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ በበቅሎ አይጫን።

የደባርቅ ልጅ፦
ስንቁን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ክክና ባቄላ ለመብሰል እጅግ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ነዳጃችሁን ይጨርሳል። ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ በሶና ቆሎ ይሻላሉ። ጭኮ ለብርድ የሚተካከለው የለም፤ ቅቤ ስላለበት ግን ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙት ሌላ ስንቅ ያዙላቸው። ጭነቱን በሻንጣ ሳይሆን ክብደታቸው እኩል በሆኑ ሁለት ማዳበሪያዎች አድርጉት፤ ወደ አንድ ጎን ያደላ ጭነት የበቅሎዋን ጀርባ ይልጠዋል።

ደግሞም እባካችሁ ስካውቱንና በቅሎ ነጂውን አትርሱ። ብዙዎቹ አንድ ብርድ ልብስ ይዘው ውጭ ያድራሉ። የእነሱንም እራት ቆጥራችሁ ሸምቱ፤ ድንኳን ስትከራዩም ለእነሱ የሚሆን አንድ ጨምሩ። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አረጋግጡ።

መምህርቷ ከአዘዞ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሶቻችሁን ለመምህሩ አንብቤላቸው የመኝታ ከረጢት ለመከራየት ተስማምተዋል፤ ነገ ሐኪም ዘንድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ አድርገን ከጨነቅ አንዱን ሌሊት ቀንሰናል። ቧሂት የምንወጣው ሁላችንም ደኅና ከሆንን ብቻ ነው። ለስካውቱና ለበቅሎ ነጂውም ድንኳን ጨምረናል።